አራቱን ካንዴላ አትላኪ

ለውድ እህቴ ለእታለም ገነቴ ወልደኪዳን
አሰብ

«የሊቀመንበሩ መኪና ካንዴላ አጥታ ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለባትም» ብሎ ሀሰን፣ የአሰብ መስመር ሾፌሩ፣ ገበያ መሀል ሲናገር እማማ ሰማች፤ በማግስቱ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሻማ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ቀበሌ ወሰደችላት። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ ሰላምታው ሳይደርስ ሳቅሽን እንድትጨርሺ ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽ ያን ያህል አያስቅም፤ ቢያስቅም እኔ እየሳቅሁ አልጻፍኩትም።

እንግዲህ ወደ ወጉ ልመለስ። እንደምን ከረምሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ የሰው በሽታ ስታክሚ የራስሽን እያሳደርሽው ነው? ባለቤትሽ ጋሼ ወልደ ማርያም እንዴት ነው? ትዕግስትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የአሰብ ሙቀት እንደ ሰው ወሬ ከሆነ እናንተ እስካሁን መቅለጥ ነበረባችሁ፤ ደብዳቤሽ ግን በደህና እጅ የተጻፈ ነው፤ እሱን አይተን ተጽናናን። እኛ በቸርነቱ ሁላችንም አለን። ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ጥሏል፤ የሌሞ ገብስ አምሮበታል፤ እንሰታችንም አንገቱን አቅንቷል። እማማ በየቀኑ ስምሽን ሳትጠራ አትውልም፤ በተለይ የቡላ አተካና በተሠራ ቀን «ገነቴ እዚያ በረሃ ምን ትበላ ይሆን» እያለች የሁላችንንም እጅ ከገበታው ታነሣዋለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከዚህ ሌላ፣ በፖስታ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከእኔ ይደርስሻል፤ ምናልባት ደርሶሽም ይሆናል። እዚያ ላይ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ስትዪ ለሚሌ ቼንቶዋ መኪና አራት ካንዴላ ከወደቡ ገዝተሽ በፍጥነት እንድትልኪልን ለምኜሻለሁ። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ልመናው ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ይኼ በሀሰን እጅ የመጣልሽ ነው፤ የሚለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አትላኪ። ምክንያቱን ከሥሩ ልንገርሽ።

መኪናችንን አልረሳሻትም። አባባ ለሚሲዮኑ አሥራ ሰባት ዓመት ሾፌር ሆኖ ካገለገለ በኋላ የሚሲዮኑ ቄስ ፓድሬው ወደ አገሩ ሲመለስ ያለ የሌለ ጥሪቱን ከፍሎ የገዛት፣ አንቺን ለሠርግሽ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያደረሰች፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች ሲባል አባባ እስከ ዶዮገና ድረስ ጭቃውን ጥሶ የሄደባት መኪና ነች። ወልደ ሰንበትንም አልረሳሽውም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከኋላሽ ተቀምጦ የአንቺን ፈተና ሲገለብጥ ስምሽን ጭምር ገልብጦ የተያዘው ያ ልጅ ባለፈው ጥቅምት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆኗል። ስሙ ወልደ ሰንበት ነው፤ ስብሰባ የሚጠራው ግን እሁድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ነው።

በኅዳር የመጀመሪያው እሁድ አዳራሹ ሙሉ ሰው ባለበት ተነሥቶ «ጓድ ወልደኪዳን በገዛ ፈቃዳቸው መኪናቸውን ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት አበርክተዋል» ብሎ አነበበ። አባባ ስለ ገዛ ፈቃዱ ከእኛ ጋር እኩል እዚያው ሰማ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባባ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ትንሽ ቆመ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አየው። ከዚያ እሱም አጨበጨበ። አራት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

እታለም፣ እኔ ፓድሬው ጥሏቸው የሄደውን መጻሕፍት ጨርሼ ደግሜአቸዋለሁ። ስለ ይቅርታ በጣም ያማሩ ገጾች አሉባቸው፤ አንዳንዶቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። የአባባን አራት ጭብጨባ የሚያክል ግን አላገኘሁባቸውም። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ወልደ ሰንበት በዚህች መኪና አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎት እንዳይሄድባት ወሰንኩ። ሰውየውን ልግደለው አላልኩም፤ እሱ ለእኔ ዓይነቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይሆንም። ላዋርደው ነው ያልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ በየቀኑ፣ ሰው እያየው።

ርክክቡ በማግስቱ ሰኞ ነበር። አባባ ከስብሰባው መጥቶ ምን ያደረገ ይመስልሻል? አጠባት። ጎማዋን ሳይቀር በብሩሽ ፈተገ። «የሰው ዕቃ ሲያስረክቡ ንጹሕ አድርጎ ነው» አለኝ። የሰው ዕቃ አላት! ከዚያ ለወንበሯ ልብስ የሚሆን ሳሙና ፍለጋ ሱቅ ሄደ። እማማ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እህታችን ብርሃኔ መሠረተ ትምህርት ልታስተምር ወጥታለች። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና መኪናዋ ብቻ ነበርን።

ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ነው፤ የእኛይቱ አራት አላት። ማውጣትና ማስገባቱን ያስተማረኝ አባባ ስለሆነ እንዳስተማረኝ አድርጌ ነው የሠራሁት። ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ በትኩሱ ከተፈታ ጥርሱ ይበላል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ገመዶቹን አንድ ባንድ እንጂ በአንድ ላይ አልነቀልኳቸውም፤ ተራቸው ከተምታታ ሞተሩ ይተኩሳል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ የሚተኩስ ነገር ሁሉ ባለቤት ይፈለግለታል። በካንዴላው ዙሪያ ያለው አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ እፍ አልኩት። በመፍቻው አላላሁና በጣቴ አወጣሁት። አባባ ክረምቱን ያስገባቸው አራቱም ጫፋቸው ደህና እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡናማ ነበር፤ በእያንዳንዱ ወገብ ላይ አባባ በሞረድ የጫራት ትንሽ መስቀል አለች። ምልክቱ ናት፤ በንብረቱ ሁሉ ላይ ያደርጋታል።

በምትካቸው ከአባባ የአሮጌ ዕቃ ቆርቆሮ ውስጥ አራት መርጬ አስገባሁ። አባባ ምንም ነገር እንደማይጥል ታውቂያለሽ። ሁለቱ ጥላሸት የጠጡ፣ አንዱ ጫፉ ተበልቶ ያለቀ፣ አንዱ ደግሞ ነጩ ሸክላው የተሰነጠቀ ነው። መጀመሪያ በጣቴ፣ ከዚያ በመፍቻው አጠበቅኋቸው። ክፋቴን በሥርዓት ነው የሠራሁት። ደህናዎቹን አራት በጨርቅ ጠቅልዬ የላቲን መዝገበ ቃላቶቹ ያሉበት ሳጥን ሥር ከተትኳቸው። ሆሳዕና ውስጥ ከዚያ ሳጥን የበለጠ የተጠበቀ ቦታ የለም፤ ፈታሾች ሁለት ጊዜ ከፍተው ላቲኑ አድኃሪ ይሁን ተራማጅ መወሰን ስላቃታቸው ዘግተውታል።

ሰኞ ወልደ ሰንበት ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣና ቁልፉን ተቀብሎ አዞረ። ሳለች። ደግሞ አዞረ፤ ደግማ ሳለች። በአራተኛው እያነከሰች ተነሣች። አባባ የታመመ ልጅ ሳል እንደሰማ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና «ብርዱ ይሆናል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት በሙሉ ደስታዬን ለማንም ሳልናገር ብቻዬን በላሁት። ወልደ ሰንበት ዱራሜ ለስብሰባ ተጠርቶ ስብሰባው ሲበተን ደረሰ። በገበያ ቀን እዚያው ከጋሪዎቹ መሀል ቆመችበት፤ አንዱ ባለ ጋሪ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈረስ ላውስዎት?» ሲለው ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ዞሮ ሳቀ። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተወው፣ ፈረሱም ይለግምበታል» አለ። ለገና ደግሞ ባትሪዋም ደክሞ ካልተገፋች አልነሣም አለች። ስትነሣም በአራት እግሯ ሳይሆን በሁለት ተኩል ነው የምትሄደው። ወልደ ሰንበት ከመሪው ኋላ ተቀምጦ መስተዋቱን ዘግቶ ያልበዋል። እኔ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሆኜ አየዋለሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዱም እንደዚያ አላስደሰተኝም።

እንዲህ እያለ ጾሙ ገባ፤ ያኔ ነው ሀሰን ያን ነገር የተናገረው። እማማ የሾፌር ሚስት ሆና ካንዴላን እንዴት አታውቅም እንዳትዪ። አባባ ቤት ውስጥ ስለ ሞተር አያወራም፤ እሷም የሞተር ነገር ሲነሣ ወደ ጓዳ ነው። ፓድሬው ግን «ወርቅነሽ፣ ካንዴላ» ባላት ቁጥር ሻማ እያቀበለች ሃያ ዓመት መሠዊያ አጽድታለች። ለእሷ ካንዴላ ሌላ ትርጉም የለውም። ቤት ገብታ «ወልደ ሰንበት ልቡ ተመልሷል። ለመኪናው ሻማ ሊያበራላት ፈልጎ አጥቶ ነው አሉ። ከእኛ ቤትማ አያጣም» አለች። እኔ ቤት አልነበርኩም እንጂ ባስቆምኳት ነበር።

ቀበሌ ሄዳ ሁለቱን ሻማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና «እንካ ልጄ፣ አንዱ ለመኪናዋ ነው፣ አንዱ ለራስህ» አለችው። ለሊቀመንበር ሻማ አምጥተሽ «ለራስህ ነው» ስትዪው ምን እንደሚመስለው አስቢው። ጥበቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ አሉ። ወልደ ሰንበት የሬሳ ሻማ ቀረበልኝ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያ ጮኸ። እማማን እስከ ቀትር ደጃፉ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀምጧት ለአባባና ለእኔ መልእክተኛ ላከብን። ስንገባ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል «አሻጥር» የሚል ነው። ያ ቃል በዚህ ጊዜ የት እንደሚያደርስ አንቺም ታውቂያለሽ። የላቲኑ ሳጥን ዓይኔ ላይ መጣ።

አባባ ባርኔጣውን አውልቆ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ባለቤቴ የሰማችውን ቃል ነው ያመጣችው፤ ጣልያንኛዋ ከእኔ ይሻላል» አለ። ወልደ ሰንበት «ታዲያ መኪና ሻማ አለው?» ብሎ ጠየቀ። ከሦስት ወር በላይ ሲነዳት ሞተሩ ውስጥ ምን እንዳለ የነገረው አልነበረም፤ ሀሰንም ገበያ ውስጥ ነው እንጂ እሱ ፊት አልተናገረም። አለው አለ አባባ። እንግዲያው ውጣና እየው ተባለ።

አባባ ኮፈኑን ከፈተ። የመጀመሪያውን አወጣና ወገቡን በአውራ ጣቱ ጠረገ። መስቀሏን ፈለጋት። አጣት። ሁለተኛውን አወጣ፤ እዚያም የለችም። ቀና ብሎ ከኮፈኑ ማዶ የቆምኩትን እኔን አየኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኝ አላውቅም፤ እማማ አግዳሚው ላይ ስታነጥስ ነው ዓይኑን ከእኔ ያነሣው። ከዚያ ወደ ወልደ ሰንበት ዞሮ «አርጅተዋል። ዕድሜያቸው ነው» አለው። አባባ ሲዋሽ በዕድሜዬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ጭብጨባው ነው።

እማማን ይዘን ስንመለስ እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች «ሻማዎቹን እኮ አልመለሰልኝም» ትላለች። አባባ ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ «ሸክላው የተሰነጠቀውን ስንተኛው ላይ ነው ያስገባኸው?» አለኝ። ሦስተኛው ላይ አልኩት። «ለዚህ ነዋ የምታነክሰው» አለ። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የተናገረው ይኼን ብቻ ነው።

ደህናዎቹን አራት አውጥቼ ልመልሳቸው ብል ከየት መጡ ይሉኛል፤ ካንዴላ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ጠፍቷል። ወልደ ሰንበት ግን አንድ ነገር አስታወሰ። «እህትህ አሰብ አይደለችም እንዴ? ወደብ ላይማ አይጠፋም» ብሎ ያን ባለ ማኅተም ደብዳቤ አጠገቤ ቆሞ አጻፈኝ። «ውድ ጓድ ገነቴ» የምትለዋን የጨመራት እሱ ነው፤ እኔ እንዲህ ብዬ አልጠራሽም።

እስከዚያው የሕዝብ መኪና በሕዝብ ኃይል ትንቀሳቀስ ተባለ። ጠዋት ጠዋት ከቀበሌው ደጃፍ እስከ ቁልቁለቱ አፍ የሚገፉ ነዋሪዎች በየቡድን ተመደቡ። ጽሕፈት ስለምችል ዝርዝሩን እኔ እንዳወጣ ታዘዝኩ፤ እኔም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ለመደገፍ ሲባል ምደባው በፊደል ተራ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። በጭብጨባ ጸደቀልኝ። አሁን ሰው ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆሞ ሊቀመንበሩ መሪውን ጨብጦ በነዋሪዎች ሲገፋ ያያል። ትናንት አንዲት ሴት «ይኼ ሰውዬ ሁልጊዜ ተሸክመውት ነው የሚሄደው?» ስትል ሰማሁ።

በሰኔ ለአውራጃው ኮሚቴ ምርጫ አለ። ወልደ ሰንበት ታጭቷል። ከላይ የመጡት ሰዎች ሦስት ጊዜ ቀጥረውት ሦስቱንም ጊዜ አርፍዶባቸው ስሙ ላይ ምልክት አድርገዋል አሉ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ካረፈደ አበቃለት። ካንዴላው ከሰኔ በፊት ከደረሰው ግን በሰዓቱ ይደርሳል፣ ይመረጣል፣ የአባባ መኪናም ከእሱ ጋር ወደ ላይ ትወጣና ዳግም አናያትም። ካልተመረጠ ቀበሌውም ያችን ጉልበት በላ መኪና ውሰዱልን ይለናል። ስለዚህ እታለም፣ ወንድምሽ ነኝና እለምንሻለሁ፤ «ወደቡን ሙሉ ዞሬ አጣሁ» ብለሽ በፖስታ መልሺልኝ፤ እንዲያነበው ሆነሽ ጻፊው። የጋሼ ወልደ ማርያም ደግ ልብ አሸንፎሽ ድንገት እንዳትገዢ። ሰውየው እስኪወድቅ ድረስ አልተኛለትም፤ አንቺም አትዘኝለት። ይኼኛውን ደብዳቤ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

አባባ ሰላም ብሎሻል፤ የሚጻፍ ነገር ካለህ ብዬ ስጠይቀው «ወገቧን ትጠብቅ፣ ከባድ አታንሣ በላት» አለኝ። እማማ በሁለት እጇ ትስምሻለች፤ ሻማዎቿን ወልደ ሰንበት መብራት በጠፋ ቁጥር እያበራቸው መሆኑን ሰምታ ጸሎቷ እንደተሰማ ቆጥራዋለች። ብርሃኔ እንደምን አለሽ ትላለች፤ ዘንድሮ ሃያ ሁለት እናቶችን ፊደል አስቆጥራ ሸሚዝ ተሸልማለች። ሰላምታችን ለጋሼ ወልደ ማርያም ይድረስ። ትዕግስትን ጉንጯን ሳሚልን፤ አጎትሽ የላቲን መጻሕፍቱን ሊያወርስሽ ነው በያት፤ ትልቅ ስትሆን ትበሳጫለች እንጂ አሁን ደስ ይላታል።

ሀሰን ነገ ከንጋቱ በፊት ስለሚነሣ ደብዳቤውን አሁን ልሰጠው ነው። እኔም ማልጄ መነሣት አለብኝ፤ በዝርዝሩ መሠረት ነገ የ«ሀ» ተራ ነው። ሀሰን መንገድ ላይ ይሆናል፤ ሀዋ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምንገፋው እኔ ሀብቴና በእነሱ ምትክ ልግፋ ያለው አባባ ነን።

ወንድምሽ ሀብቴ ወልደኪዳን
ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.